ቺፑን ካለበት ሳይነቅሉ፦ ስለ ፕሮግራም መጫኛ ሶፍትዌር አመራረጥ

ቦንጋ ላይ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር



ስልካችሁ አልነሣ ብሎ ጠጋኝ ዘንድ ስትወስዱት፣ ወጣቱ ገላልጦ ካየ በኋላ አንዳንዴ «ፍላሽ ላድርገው» ይላችኋል። ኬብል ይሰካል፣ ኮምፒውተሩ ላይ አንድ ሶፍትዌር ይከፍታል፣ ስልኩ ውስጥ የነበረውን ፕሮግራም አጥፍቶ አዲስ ይጽፍበታል። ቺፑን ነቅሎ አላወጣም። ካለበት ቦታ ሆኖ ነው የተጻፈበት። ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚሁ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የምናየው ከስልክ ቺፕ እጅግ ያነሱትን፣ ማይክሮኮንትሮለር የሚባሉትን ነው።

ማይክሮኮንትሮለር ማስላቱን፣ ማስታወሱንና ከውጭው ዓለም ጋር መገናኘቱን በአንድ ቺፕ አጠቃሎ የያዘ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ቅድመ ክፍያ የሚሞላበት የመብራት ቆጣሪ ውስጥ አለ። ዲጂታል ሚዛን ውስጥ፣ የደም ግፊት መለኪያ ውስጥ፣ የሶላር ባትሪ መቆጣጠሪያ ውስጥም አለ። ፕሮግራም ካልተጻፈበት ምንም አይሠራም፤ የተጻፈበት ከተበላሸም መሣሪያው ሙሉ ለሙሉ ይቆማል፣ ሌላው አካሉ ሁሉ ደኅና ቢሆንም። በየቢሮው መጋዘን ተቆልፎባቸው አቧራ ከለበሱት መሣሪያዎች መካከል የሚጎድላቸው አዲስ ፕሮግራም ብቻ የሆኑ እንደሚኖሩ አልጠራጠርም። የሚያስቆጨኝም ይህ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. አገራችን ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ኮድ የማስተማር ሥራ ጀምራለች። የድረ ገጽ፣ የአንድሮይድ፣ የዳታና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት በኢንተርኔት ይሰጣል። ደስ የሚያሰኝ ነው። ለዚህ አካባቢ ግን ከስክሪን ወጥቶ ቡና አልጋና ማር ጎተራ ድረስ የሚሄደው ኮድ ቢያንስ እኩል ያስፈልገናል እላለሁ።

ለምን? ቦንጋ የምትገኝበት ካፋ የምትሸጠውን እንመልከት። እሸት ቡና ተፈልፍሎና ታጥቦ አልጋ ላይ ሲሰጣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ከ11 እስከ 12 በመቶ አካባቢ እስኪወርድ ድረስ እየተገላበጠ ይደርቃል። እርጥበት እንደያዘ ጆንያ ከገባ ይሻግታል፤ ከልክ በላይ ከደረቀ ደግሞ ፍሬው ይሰባበራል፣ ሚዛንም ያጎድላል። ማርም እንዲሁ ነው። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለአብዛኛው ማር የሚፈቅደው እርጥበት እስከ 20 በመቶ ነው፤ ከዚያ ያለፈው ይቦካል። ዝናብ በማይጠፋበት በዚህ አገር የማድረቂያ አልጋ ሙቀትና እርጥበትን ሌሊቱን ሙሉ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ ትልቅ ጥቅም አለው። እንዲህ ያለውን መሣሪያ ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ የሆነ የዚህ አገር ልጅ ራሱ ሊሠራው ይችላል። የሚያስፈልገው አንድ ማይክሮኮንትሮለር፣ አንድ የሙቀትና የእርጥበት ሴንሰር፣ አንድ ሚሞሪ ካርድ እና ባትሪ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከተሠራ በኋላ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ክልል ስፋቱ ከ760,000 ሄክታር በላይ ነው። ቆላው 500 ሜትር አካባቢ ሲሆን ደጋው ከ3,000 ሜትር ያልፋል። መሣሪያው የሚቀመጠው ከዚህ ሁሉ መሬት አንዱ ጥግ ላይ ነው፤ ስህተት ሲገኝበት ወይም ሲሻሻል ፕሮግራሙን ለመቀየር አንድ ሰው ከነላፕቶፑ እዚያ መሄድ አለበት። እዚያ ሲደርስ መብራት ላይኖር ይችላል፣ ኔትወርክም ላይኖር ይችላል። የሠራው ልጅ ራሱ ተመርቆ ሥራ ፍለጋ ሌላ ከተማ ሄዶ ሊሆንም ይችላል። እኔ የምለው ይህን ነው፦ የመጫኛ ሶፍትዌር ስትመርጡ ያንን የጥገና ቀን አስባችሁ ምረጡ። እናንተ በሌላችሁበት፣ ኢንተርኔት በሌለበት፣ ሌላ ሰው ወረቀት እያነበበ ያንኑ ሥራ ሊደግመው የሚችል ሶፍትዌር ይሁን።

ዛሬ ቀላል የሚመስለው ነገር ድሮ እንዲህ አልነበረም። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው 8748፣ ከእሱም በኋላ የመጣው 8751፣ ጀርባቸው ላይ የመስታወት መስኮት ነበራቸው። ፕሮግራሙን ለማጥፋት ቺፑ ከሶኬቱ ተነቅሎ አልትራቫዮሌት መብራት ሥር 15 ወይም 20 ደቂቃ ያህል ይቀመጣል፤ ከዚያ ለዚሁ በተሠራ ማሽን ላይ ተሰክቶ ይጻፍበታል፤ ከዚያ ወደ ቦርዱ ይመለሳል። ይሳሳታሉ፣ እንደገና ይነቅላሉ። እ.ኤ.አ. በ1993 ማይክሮቺፕ የተባለው ኩባንያ ፒክ 16ሲ84ን ሲያወጣ በኤሌክትሪክ የሚጠፋና በጥቂት ሽቦዎች የሚጻፍበት ማይክሮኮንትሮለር በተራ ሰው እጅ ገባ። በዚያው አሥር ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ደግሞ አልፍ ኢጊል ቦገንና ቬጋርድ ቮላን የተባሉ ኖርዌያውያን በተማሪነታቸው የጀመሩት ኤቪአር የሚባለው የቺፕ ቤተሰብ በአትሜል ኩባንያ በኩል ለገበያ ቀረበ። አርዱይኖ የሚባለው የመማሪያ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ2005 ኢጣሊያ ውስጥ ሲጀመር የተሠራው በእነዚሁ ቺፖች ነው። አትሜልን እ.ኤ.አ. በ2016 ማይክሮቺፕ ገዝቶታል። እናንተ አርዱይኖ ኡኖ ላይ የምታዩት ቺፕ፣ አትሜጋ 328ፒ፣ የዚያ ቤተሰብ ልጅ ነው። ለፕሮግራም 32 ኪሎባይት፣ ለጊዜያዊ ሥራ 2 ኪሎባይት፣ መብራት ቢጠፋም ለማይረሳ መረጃ 1 ኪሎባይት ቦታ አለው። ከዚህ በኋላ በዋናነት የምናገረው በእሱ ላይ ነው፤ አንዱን ጠንቅቆ ያወቀ ሌላውን ለመልመድ አይቸገርምና።

ቦርዱ ላይ ስድስት እግር ያላት ትንሽ መሰኪያ አለች። አንዱ የኤሌክትሪክ፣ አንዱ የመሬት፣ አንዱ የሪሴት መስመር ነው። የቀሩት ሦስቱ መረጃ የሚገባበት፣ መረጃ የሚወጣበትና ጊዜ የሚመታበት ክሎክ ናቸው። ፕሮግራመሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከቺፑ ጋር የሚያገናኘው ትንሽ መሣሪያ፣ መጀመሪያ ሪሴቱን ወደ ዜሮ ይጎትታል። ቺፑ ሥራውን ያቆማል። ቀጥሎ አራት ባይት ይላካል፦ ኤሲ፣ 53፣ 00፣ 00። (በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ከ9 በላይ ያሉት አኃዞች ከኤ እስከ ኤፍ ባሉት ፊደላት ይጻፋሉ።) ሦስተኛው ባይት እየተላከ ሳለ ከቺፑ የሚመለሰው 53 መሆን አለበት። 53 ከመጣ «ሰምቻለሁ፣ ተዘጋጅቻለሁ» ማለቱ ነው። ሌላ ቁጥር ከመጣ አልተገናኙም፤ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ «ማን ነህ?» ይባላል። 328ፒ የሚመልሰው ሦስት ባይት ነው፦ 1ኢ፣ 95፣ 0ኤፍ። የመጀመሪያው ሠሪው አትሜል መሆኑን፣ ሁለተኛው 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ቦታ እንዳለው፣ ሦስተኛው የትኛው ሞዴል እንደሆነ ይናገራል። ጥሩ ሶፍትዌር ይህን ንግግር አይደብቅባችሁም። ሲሳካም ሲከሽፍም የት ድረስ እንደሄደ ያሳያችኋል።

ይህን የሚያደርጉ ብዙ ሶፍትዌሮች አሉ። ከእነሱ ውስጥ እኔ ያለ ማመንታት የምመክረው ኤቪአርዱድ የተባለውን ነው። ብሪያን ዲን የተባለ ሰው ፍሪቢኤስዲ ለሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኤቪአርፕሮግ ብሎ ነበር የጻፈው። ወደ ዊንዶውስ እናምጣው የሚሉ ሰዎች ሲበዙ፣ አትሜል ራሱ በዚያ ስም የሚጠራ የዊንዶውስ ፕሮግራም ስለነበረው ስሙ ተቀየረ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰዎች እየተቀባበሉ እስከ ዛሬ ይንከባከቡታል። በነፃ የሚገኝ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው፤ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ይሠራል። ጭነቱ ትንሽ ስለሆነ ከነቅንብር ፋይሉ ፍላሽ ላይ ተገልብጦ ይሄዳል።

ፊት ለፊቱ የሚያምር አይደለም። ቁልፍ የለውም፣ ሥዕል የለውም፤ ጥቁሩ መስኮት ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ትጽፉለታላችሁ። ተማሪዎች በዚህ ምክንያት ሲሸሹት አያለሁ። የምወደው ግን በዚሁ ምክንያት ነው። «እዚህ ጋ ተጫን፣ ከዚያ ሦስተኛውን ምረጥ፣ ብቅ ሲልልህ እሺ በል» የሚል መመሪያ ሶፍትዌሩ በታደሰ ቁጥር ያረጃል። አንድ መስመር ትእዛዝ ግን ደብተር ላይ ይጻፋል፣ በስልክ ይነበባል፣ በቴሌግራም ይላካል፣ ከዓመታት በኋላም ያው ነው። በትእዛዙ ውስጥ «ሲ» ከሚለው ቀጥሎ የፕሮግራመሩ ስም፣ «ፒ» ከሚለው ቀጥሎ የቺፑ ስም፣ «ዩ» ከሚለው ቀጥሎ ምን ወዴት እንደሚጻፍ ይገባል። በቃ።

መስኮት ያለው ነገር የሚፈልግ ጀማሪ አርዱይኖ አይዲኢ የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያና መጫኛ ይጠቀም፤ አልቃወምም። ለእነዚህ ቦርዶች አይዲኢው ከሥር የሚጠራው ያንኑ ኤቪአርዱድን ነው። በምርጫዎች ውስጥ ሲጫን ዝርዝሩን አሳይ የሚለውን ብታበሩት፣ ሙሉውን የትእዛዝ መስመር ከታች ያወጣላችኋል። ያንን ገልብጣችሁ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ስኬቹንም፣ ማለትም የጻፋችሁትን ፕሮግራም፣ ወደ ሄክስ ፋይል አውጥቶ ማስቀመጥ ይቻላል። ተማሪ ሁሉ ይህን ሁለት ነገር ቢለምድ መምህራን ግማሽ ሥራ ቀለለላቸው።

ሄክስ ፋይል ያልኩት ለመጫን የተዘጋጀው ፕሮግራም ነው። በማንኛውም የጽሑፍ መክፈቻ ሊታይ ይችላል። እያንዳንዱ መስመር በሁለት ነጥብ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የባይቱ ብዛት፣ አድራሻው፣ ዓይነቱ፣ መረጃው፣ በመጨረሻ የማረጋገጫ ቁጥር ይመጣል። የፋይሉ መዝጊያ መስመር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሁለት ነጥብ፣ 00፣ 0000፣ 01፣ ከዚያ ኤፍኤፍ። የአንድ መስመር ባይቶች ከነማረጋገጫው ሲደመሩ የድምሩ የመጨረሻ ሁለት አኃዝ 00 መሆን አለበት። እዚህ ላይ 01 እና ኤፍኤፍ ተደምረው 100 ይሆናሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች 00 ናቸው። ፋይሉ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲዞር ከተበላሸ በዚህ ይታወቃል። ኤቪአርዱድ ደግሞ ጽፎ እንደጨረሰ ከቺፑ መልሶ እያነበበ ከፋይሉ ጋር ያመሳክራል። ማመሳከሩን ማጥፋት ይቻላል፤ ጥቂት ሰከንድ ለማትረፍ ብላችሁ አታጥፉት።

ወደ ሃርድዌሩ ስንመጣ፣ ቶማስ ፊሽል ንድፉንና ኮዱን ለሁሉም ክፍት ያደረገው ዩኤስቢኤኤስፒ የሚባል ትንሽ ፕሮግራመር አለ። ብዙ ፋብሪካዎች እየቀዱ ስለሚሠሩት ርካሽ ነው። ሊኑክስ ላይ ድራይቨር አይጠይቅም፤ የመጠቀም ፈቃድ የሚሰጥ አንድ አጭር ፋይል መጨመር ብቻ ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን ዛዲግ በሚባል መገልገያ ድራይቨር መጫን የግድ ይላል። አርዱይኖ ቦርድን በዩኤስቢ ለምታገናኙም፣ ሲኤች340 የሚባለው የዩኤስቢ ቺፕ ያለበት ቦርድ ሊኑክስ ላይ ወዲያው ይታወቃል፣ ዊንዶውስ ላይ ድራይቨር ሊጠይቅ ይችላል። ለአንድ ትምህርት ቤት ወይም ለአንድ የጥገና ክፍል የምመክረው አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ለዚሁ ሥራ ብቻ መድቦ ሊኑክስ መጫን ነው። ባትሪው ግን ደኅና ይሁን። ጽሕፈቱ መሐል ላይ መብራት ቢሄድ ቺፑ አይሞትም፣ እንደገና ይጻፍበታል፤ መሣሪያው ግን እስከዚያ ድረስ ቆሞ ይቀራል።

አሁን ሰውን ሁሉ የሚያሰናክለውን ነገር ልንገራችሁ። አዲስ 328ፒ ከፋብሪካ ሲወጣ በውስጡ ባለው 8 ሜጋሄርዝ ክሎክ፣ ያም ለስምንት ተካፍሎ፣ በ1 ሜጋሄርዝ ይሠራል። ሕጉ ደግሞ የመጫኛው ክሎክ ከቺፑ ክሎክ ሩብ በታች እንዲሆን ያዝዛል፤ ይህም ማለት ከ250 ኪሎሄርዝ በታች። ዩኤስቢኤኤስፒ በተለመደው አሠራሩ የሚልከው በ375 ኪሎሄርዝ ነው። ስለዚህ ያ 53 አይመለስም፣ ሶፍትዌሩም «ቺፑ አይመልስም» ይላል። ሰውዬው ሽቦውን ይፈትሻል፣ ብየዳውን ይደግማል፣ በመጨረሻ ደኅናውን ቺፕ ይጥላል። መድኃኒቱ «ቢ» የሚለውን አማራጭ ጨምሮ 10 ብሎ መጻፍ ነው፤ ፍጥነቱ ወደ 100 ኪሎሄርዝ ገደማ ይወርዳል፣ ቺፑም ይመልሳል። ፍጥነቱን ለመቀነስ የማይፈቅድ ወይም የሚደብቅ ሶፍትዌር፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለመስክ ሥራ አይሆንም።

ሁለተኛው መሰናክል ከገበያ ይመጣል። 328 እና 328ፒ ተመሳሳይ ቺፖች ናቸው፣ መለያቸው ግን ይለያያል፤ የ328 ሦስተኛ ባይት 14 ነው፣ የ328ፒ ደግሞ 0ኤፍ። አንድ ሰው 328ፒ ብሎ ገዝቶ የመጣለት 328 ሊሆን ይችላል፣ የጀርባው ጽሕፈትም ጭረት ይመስል በጭንቅ ነው የሚነበበው። ኤቪአርዱድ መለያው ስላልገጠመ እምቢ ይላል። ያኔ «ኤፍ» የሚለውን የማስገደጃ አማራጭ ጨምሩበት የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። አትስሙ። እምቢታው የሚጠብቃችሁ ነው። የተመለሰውን ሦስት ባይት አንብባችሁ፣ የቺፑን እውነተኛ ስም በትእዛዙ ላይ ጻፉ፤ ይሠራል።

ሦስተኛው መሰናክል የቡናውን ሥራ በቀጥታ ይነካዋል። የቡና ፍሬ እርጥበት መለኪያ ሲሠራ ከታመነ መለኪያ ጋር እየተነጻጸረ የማስተካከያ ቁጥሮች ይወጡለታል፤ እነዚያ ቁጥሮች የሚቀመጡት መብራት ሲጠፋ በማይረሳው 1 ኪሎባይት ውስጥ ነው። ሶፍትዌሩ አዲስ ፕሮግራም ከመጻፉ በፊት ቺፑን ሙሉ ለሙሉ ያጠፋል። ኢኢሴቭ የሚባለው ቅንብር አስቀድሞ ካልተደረገ ያ 1 ኪሎባይትም አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ መሣሪያው ይነሣል፣ ስክሪኑ ላይ ቁጥር ያሳያል፣ የሚያሳየው ቁጥር ግን ውሸት ነው። 14 በመቶ የሆነውን ቡና 11 በመቶ ነው ብሎ ጆንያ ሊያስገባ ይችላል። ከሞተ መሣሪያ ይልቅ ይህ እጅግ ይከፋል፣ ማንም አይጠረጥረውምና። ስለዚህ መጀመሪያ አንብቡና በፋይል አስቀምጡ፣ ከዚያ ጻፉ። ማንበብ የማይችል፣ መጻፍ ብቻ የሚያውቅ መጫኛ እንዳትመርጡ የምለውም ለዚህ ነው።

ፊውዝ ስለሚባሉት ቅንብሮች ሰፋ አድርጌ መናገር እወድ ነበር፤ አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ይበቃል። ቺፑ በየትኛው ክሎክ እንደሚሠራ፣ የሪሴት እግር ሪሴት ሆኖ መቅረቱን፣ ባትሪ ሲደክም ቺፑ በየትኛው ቮልቴጅ ላይ ራሱን እንደሚያቆም የሚወስኑት እነሱ ናቸው። የሌለ ክሪስታል ከመረጣችሁለት ቺፑ ከውጭ ክሎክ ካልተሰጠው አይነቃም። ሪሴቱን ካጠፋችሁበት ደግሞ በስድስቱ ሽቦ መልሳችሁ አታገኙትም፤ 12 ቮልት የሚሰጥ ሌላ ዓይነት ፕሮግራመር ይፈልጋል። አንብቡ፣ ጻፉት፣ ከዳታሺቱ (ከቺፑ አምራች መግለጫ ሰነድ) ጋር አስተያዩ፣ ከዚያ ብቻ ቀይሩ። በሶላር ለሚሠራ መሣሪያ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያውን ማብራት አትርሱ፤ ጀምበር ስትጠልቅ ቮልቴጁ ቀስ እያለ ሲወርድ ቺፑ ተሳስቶ የማይረሳውን ማኅደር ሊያበላሽ ይችላል።

ሚሞሪ ካርድ ያለበትን መሣሪያ ስትጭኑ ካርዱን አውጡት። ካርዱ የሚገናኘው በእነዚያው በመጫኛ መስመሮች ነው፤ በንግግሩ መሐል ሊገባ ይችላል። ከዚያም በላይ ካርዱ የ3.3 ቮልት ነው፣ 5 ቮልት ከሚልክ ፕሮግራመር ጋር ሊቃጠል ይችላል።

ስለ ሌሎቹ ቺፖች በአጭሩ። ዋይፋይ ያለው ኢኤስፒ32 መጫኛውን ከፋብሪካ በውስጡ ይዞ ስለሚወጣ ልዩ ፕሮግራመር አይፈልግም፤ ዜሮ ቁጥር እግሩን ከመሬት ጋር አገናኝቶ ማስነሣት በቂ ነው። ብዙ ቦርዶች ይህንንም በራሳቸው ያደርጉታል። ሶፍትዌሩ ኢኤስፒቱል ይባላል፣ ፍሬድሪክ አልበርግ የጀመረው፣ ዛሬ ሠሪው ኩባንያ ኤስፕሬሲፍ የሚንከባከበው ነው። ይህም በትእዛዝ መስመር የሚሠራ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ ነው፤ በደስታ እመክረዋለሁ። ኤስቲኤም32 የሚባለው ቺፕ ደግሞ በሁለት ሽቦና በመሬት ይገናኛል። እዚህ ዶሚኒክ ራት እ.ኤ.አ. በ2005 ጀርመን አውግስቡርግ ውስጥ ለመመረቂያ ጽሑፉ የጀመረው ኦፕንኦሲዲ አለ፤ ኃይለኛ ነው፣ ግን ቅንብሩ ጀማሪን ያስጨንቃል። የኤስቲኤም32 ሠሪ ኩባንያ የሚያቀርበው ኪዩብፕሮግራመር ኮዱ ዝግ ቢሆንም በነፃ ይወርዳል፣ በትእዛዝ መስመርም ይሠራል፤ ለጀማሪ እሱ ይሻላል። የንግድ ሶፍትዌር ክራክ አድርጎ ለሚያድላችሁ ሰው ግን «አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» በሉት። ከቫይረሱ ሌላ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ኮምፒውተር ላይ እምቢ ሲል የምትጠይቁት ሰው አይኖርም።

ኢንተርኔትን በተመለከተ ሐሳቤ ጠንካራ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ወዲያም ወዲህም በየአካባቢው ተቋርጧል። ምክንያቱ የፈለገው ይሁን፣ እዚህ የሚሠራ ባለሙያ መሣሪያውን በደመና ላይ ማንጠልጠል አይችልም። በአሳሽ ውስጥ የሚሠሩ፣ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል የሚጠይቁ መጫኛዎች ቀላልና ማራኪ ናቸው፤ ለክፍል ውስጥ ትምህርት እሺ፣ ለመስክ ሥራ ግን አይደሉም። አርዱይኖ አይዲኢም ቢሆን አዲስ ዓይነት ቦርድ ስትጨምሩለት ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ የኢኤስፒ32 ጥቅል በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ነው። ጂማ ወይም አዲስ አበባ ስትሄዱ አውርዳችሁ፣ ጫኚውን ከነድራይቨሩና ከነዳታሺቱ በፍላሽ ይዛችሁ ተመለሱ። ከዚያ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ፣ ምንም ባልተጫነበት ላፕቶፕ ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ ሞክሩት። ያኔ ካልሠራ ጫካ ውስጥም አይሠራም።

መሣሪያው ሣጥን ውስጥ አንዲት ካርድ ትቀመጥ። እርጥበቱ እንዳያበላሻት ላሚኔት ትደረግ። በአማርኛ፣ ቢቻል በካፋ ሕዝብ ቋንቋ በካፊኖኖም፣ የቺፑ ስም፣ የፕሮግራመሩ ዓይነት፣ የስድስቱ ሽቦ አቀማመጥ በሥዕል፣ የክሎኩ ፍጥነት፣ ሦስቱ የፊውዝ ቁጥሮች፣ የሄክስ ፋይሉ ስምና የተጫነበት ቀን ይጻፉባት። ከሥር ሙሉው የትእዛዝ መስመር ይግባ። ሄክስ ፋይሉና የማስተካከያ ቁጥሮቹ ሁለት ቦታ ይቀመጡ፤ አንዱ ከመሣሪያው ባለቤት ጋር፣ ሌላው ቦንጋ ባለ አንድ ኃላፊነት ያለው ክፍል። ይህ ብዙ ብር አይጠይቅም፣ ልማድ ግን ይጠይቃል።

በመጨረሻ ለቢሮ ኃላፊዎችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አመራሮች የምለው አለኝ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተመሥርቶ ቦንጋ ከመቀመጫዎቹ አንዷ ከሆነች ወዲህ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለውሃ የሚሆኑ መሣሪያዎችን የመግዛት ውሳኔ እዚሁ አጠገባችን ይደረጋል። ቺፖች የመቆለፊያ ቅንብር አላቸው፤ ሻጩ ከቆለፈው ፕሮግራሙን ከቺፑ መልሶ ማንበብ አይቻልም። ማጥፋት ይቻላል፣ ነገር ግን ምን ተጽፎበት እንደነበር ካላወቃችሁ ማጥፋቱ ምን ይፈይዳል? ሻጩ ሥራውን ከዘጋ ወይም ከአገር ከወጣ መሣሪያው አብሮት አለቀ። አንድ ኩባንያ የድካሙን ውጤት መጠበቁ መብቱ ነው፤ ገዢ ደግሞ የገዛውን መጠገን መቻሉ መብቱ ነው። ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ አለ፤ የተጠናቀረው ሄክስ ፋይል ሲሰጥ ዋናው ኮድ አብሮ አይሰጥም።

ስለዚህ የጨረታ ሰነድ ስታዘጋጁ እንዲህ የሚል አንቀጽ ጨምሩበት፦ «አቅራቢው ለእያንዳንዱ የመሣሪያ ዓይነት የተጠናቀረውን የሄክስ ፋይል፣ የፊውዝ ቁጥሮቹን፣ የመጫኛ መሰኪያውን ሥዕልና በነፃ በሚገኝ ሶፍትዌር የሚሠራ የትእዛዝ መስመር ያስረክባል፤ የመጫኛ መሰኪያው ብየዳ ሳይፈታ የሚደረስበት ይሆናል።» በርክክቡ ቀን ደግሞ ተረካቢ ኮሚቴው ከመጡት መሣሪያዎች አንዱን በዕጣ ያውጣ። የአቅራቢው ባለሙያ በእኛ ላፕቶፕ፣ ዋይፋዩ ጠፍቶ፣ ቺፑን ሙሉ ለሙሉ አጥፍቶ መልሶ ይጫነው፤ ተነሥቶ ልክ ሲለካ ከታየ በኋላ ይፈረም።